የመቀናጆ አውሮፕላን

በአውሮፕላን የሄደ ሰው ስለ አውሮፕላን ብዙ አያወራም። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ወረደ፤ በቃው። ሲያወራ የሚኖረው ያልሄደው ነው። እኔ አልሄድኩም። ስለዚህ ጊዜ ካላችሁ ብዙ የማወጋችሁ አለኝ፤ ጊዜ ከሌላችሁም ግማሽ መንገድ ላይ ጥላችሁኝ ብትሄዱ አልቀየምም። ለምጄዋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ «ሴት ልጅ ፊደል ብትማር ደብዳቤ ለማን ልትጽፍ ነው?» ባይ ስለነበሩ፣ ቆቦ ትምህርት ቤት ስገባ አብረውኝ አንደኛ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ወገቤ ላይ ነበር የሚደርሱት። ጎንበስ ብዬ ገብቼ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ዘግይቶ እንደ መነኮሰ ነው፤ ሕጉን ያጠብቀዋል። አንድ ባለሱቅ በሩ ላይ የጻፈው ማስታወቂያ አንዲት ፊደል ቢጎድለው እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ከሰል ይዤ ሄጄ አርሜለት እመለሳለሁ። ባለሱቁም አንድ ቀን «እመቤት፣ ስኳሩንም ቅመሽልኝና ጎድሎት እንደሆነ ንገሪኝ» ብሎኛል። አፌን ከፍቼ አልመለስኩለትም። በአፌ ሰው መልሼም አላውቅ። የኔ ነገር ሁሉ በጽሑፍ ነው። ለዚህ ሁሉ መዘዝ ያበቃኝም ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ግራ በኩል አንድ ሜዳ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ባለ ሁለት ሞተር የመንግሥት አውሮፕላን ታርፍበታለች። የአውሮፕላን ማረፊያ ነው ቢሏችሁ ሕንጻ እንዳታስቡ። አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ፣ በአጣና ጫፍ ላይ የተሰቀለች የነፋስ አቅጣጫ የምታሳይ ከረጢት፣ እና አቶ ግርማ። አቶ ግርማ የአየር መንገዱ ወኪል ናቸው። በሌላው ቀን ላምባ ይሸጣሉ፤ ማክሰኞ ከረባት ያስራሉ።

ተሳፋሪ እንደ እህል ይመዘን ነበር። ሚዛኑም የእህል ሚዛን ነው፤ አቶ ግርማ ከአንድ ማሽላ ነጋዴ እየተዋሱ በአህያ ያመጡታል። የራያ ሰው ማሽላውን እንጂ ራሱን መዝኖ ስለማያውቅ፣ የማይሄደውም ሁሉ እየመጣ ይመዘናል። ከሁሉም የማይቀሩት ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ነበሩ።

«ግርማ፣ ስንት ሆንኩ?»

«ስልሳ ሁለት፣ እትዬ።»

«ባለፈው ስልሳ አንድ ነበርኩ! አልሐምዱሊላህ፣ ክረምቱ ተስማምቶኛል።»

እትዬ ዘሐራ ባላቸው ሞቶ አንድ በሬ ነው የቀራቸው። አባቴም አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ ዳልቻ ይባላል። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች በመቀናጆ ጠምደው፣ አንድ ቀን የአባቴን መሬት፣ አንድ ቀን የእትዬ ዘሐራን እያረሱ ይኖራሉ። ተራው የእትዬ ዘሐራ በሆነ ቀን አባቴ ዳልቻን በስሙ እንኳ አይጠሩትም። የሰው ተራ የሰው ነዋ።

አቶ ግርማ ጽሑፋቸው ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ ለጎጆው ግድግዳ የሚሆነውን ማስታወቂያ እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው። «ሜዳው ከሣር፣ ከድንጋይና ከእንስሳ የጸዳ ይሁን።» ሦስት ጊዜ ቀድቼ፣ ከሦስቱ የተዋጣለትን ለጠፍነው። ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩ በክረምቱ አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። አዲስ አበባ ካለ የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። ተቀብለውኛል። እስከ መስቀል ዋዜማ ካልደረስኩ ግን ቦታዬን ለተጠባባቂ እንደሚሰጡ ከታች በቀይ ቀለም ጽፈዋል። ደብዳቤውን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ በመታጠፊያው ቀደድኩት። ችግሩ መንገዱ ነው። ከሮቢት አጠገብ ያለው ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ሄዷል፤ መኪና ከወዲያም ከወዲህም ቆሟል። ከመስቀል በፊት የቀረችኝ አንዲት ማክሰኞ፣ አንዲት አውሮፕላን ነች።

ደብዳቤውን ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ሂጂ» አላሉም። «አትሂጂ»ም አላሉም። በማግሥቱ ግን በረቱ ውስጥ ሁለት ፍየሎች ጎደሉ፤ ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማ ቲኬቴን ይዘው መጡ።

አሁን ስለ ፈረንጆቹ ልንገራችሁ። ቲኬቱን ያመጡ ለታ አቶ ግርማ ደጃችን ተቀመጡና ወሬውን አፈሰሱት። እትዬ ዘሐራም ወሬ ባለበት ስለማይጠፉ መጥተዋል።

«ልንገርዎት፣ አያ በየነ» አሉ አቶ ግርማ፣ «ጄት የሚባል ሊመጣ ነው። ጄት አቧራ ላይ አያርፍም፤ አስፋልት ነው የሚፈልግ። ፈረንጆቹ ደግሞ ትርፍ የሌለበት ሜዳ ይቅር እያሉ ነው። የፊታችን ማክሰኞ የነሱ ሰው ራሱ ይመጣል። አርፎ አይቶ፣ ቆቦ ይቆይ ወይ ቆቦ ይቅር ይላል።»

«ፈረንጆቹ ምን አግብቷቸው?» አሉ አባቴ። «የመንግሥት አይደለችም እንዴ?»

«የመንግሥትማ ናት። ግን እነሱም ገንዘብ አግብተውባታል። አብራሪውንም መካኒኩንም ያመጡት እነሱ ናቸው።»

አባቴ ትንሽ አሰቡ። «ገባኝ። መቀናጆ ነዋ!»

«እንደዚያ ... መሳይ ነው።»

«ተራውስ እንዴት ነው? ስንቱ ቀን የኛ፣ ስንቱ ቀን የነሱ?»

«ተራ እንኳ የለውም። በአንድ ላይ ነው የሚያዙ።»

«ተራ የሌለው መቀናጆ!» አባቴ ከልባቸው ሳቁ። «አቶ ግርማ፣ ተራ የሌለው መቀናጆ እኮ ስሙ ጠብ ነው።»

«አያ በየነ ደሞ!» አሉ እትዬ ዘሐራ። «እኔና አንተ ተራ እያለንስ መች ከጠብ ዳንን?»

አባቴ ግን ተራ የለውም የሚለውን አልተቀበሉም። ለአንድ አውሮፕላን ሁለት ጌታ በአንድ ቀን ሊኖረው አይችልም፤ አቶ ግርማ ላምባ ሻጭ ስለሆኑ አልገባቸውም እንጂ ተራ አለ። ነገሩን በዚህ ዘጉት። እኔም በሆዴ፣ ማክሰኞ የመንግሥት ተራ እንዲሆን ተሳልኩ። የተማርኩት ስምንት ዓመት በአንድ ከሰዓት ወዴት እንደ ሄደ አትጠይቁኝ።

ዝግጅቴ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነበር። ለተሳፋሪ የተፈቀደው ዕቃ አሥራ አምስት ኪሎ ነው። መጻሕፍቴን በእንጨት ሳጥን አድርጌ እትዬ ዘሐራ ጋ ባለች የቅቤ ሚዛን በየተራ መዝኜ ብደምራቸው አሥራ አራት ተኩል መጡ። ለልብስ የቀረው ግማሽ ኪሎ ነው። መጽሐፍ ላስቀር? አይሆንም። ያኔ አንድ ብልሃት ታየኝ። ገደብ ያለበት ዕቃው ነው፤ ሰውየው ራሱ የፈለገውን ያህል ቢከብድ ማንም ነውር አይለውም። እንግዲህ ሦስት ቀሚስ ደርቤ፣ ከላይ የወንድሜን ካፖርት ለብሼ፣ የሰዋስው መጽሐፌን በመቀነቴ አሰርኩ። የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ይፍረድልኝ። በመስከረም ፀሐይ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆቦ ላይ ሲታይ ወይ ታሟል ወይ ሰርቋል።

ማክሰኞ ማለዳ ሳጥኔን በአህያ ጭኜ፣ እንደ ተሞላ ጆንያ እየተንገዳገድኩ ወደ ሜዳው ወረድኩ። አባቴ ቤት አልነበሩም። ሊሸኙኝ አልፈለጉም ብዬ ከፋኝ።

ሜዳው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ቡናማው ሜዳ አረንጓዴ ሆኗል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ትኩስ የታጨደ ሣር ተጎዝጉዞበታል፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። አባቴና አራት ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው የመጨረሻውን ሸክም ይበትናሉ። ሣሩን አወቅሁት። ከብት የማይገባበት የአባቴ ክልክል ነው። ያን ክልክል አባቴ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ዱላ ይዘው ነው የሚጠብቁት። አንድ እፍኝ ነጨ ብለው ከገዛ አጎታቸው ልጅ ጋር ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። አሁን አንድም ዘለላ አላስቀሩም።

«እንግዳ በባዶ መሬት ይወርዳል እንዴ?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ገና ሲያየኝ። «ፈረንጁ ሲያየው ቆቦ ሰው አለበት ይላል።»

አባቴ ቀና አሉ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። ካፖርቴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄን ክልክል» አሉ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በየዓመቱ ለሰርግሽ ብዬ ነበር የማቆየው። ሙሽራ በጉዝጓዝ ነው ከቤት የምትወጣ። አንቺ ደግሞ ሰርጉን እምቢ አልሽኝ። ይኸው መውጣትሽ በዚህ ሆነ። ... አማረ?»

ከአሥር እርምጃ ላይ፣ በጎጆዋ ግድግዳ፣ የገዛ እጄ ጽሑፍ ይታየኛል። «ሜዳው ከሣር ...» ሣርን ከድንጋይም ከእንስሳም ያስቀደምኩት እኔው ነኝ። አንብቤ ብነግራቸው አምስት ሰው በአንድ ሰዓት ይጠርገዋል። ሰው በሩ ላይ ያጎደለውን ፊደል ፍለጋ ከሰል ይዤ የምዞር ሴት ነኝ እኮ። አፌን ከፈትኩ።

«ያምራል፣ አባዬ» አልኩ።

ራሴንም አጽናናሁ። አውሮፕላን የምታህል ነገር ሣር ምን ያደርጋታል? እውነትም ሣሩ ምንም አያደርጋትም ነበር ይሆናል። የረሳሁት ሌላውን ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ሣርና እንስሳ በአንድ መስመር የተጻፉት ስለሚዋደዱ መሆኑን።

አቶ ግርማ ሚዛኑን በአህያ አስጭነው፣ ከረባታቸውን አስረው ብቅ ሲሉ እጃቸው ራሳቸው ላይ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጉዝጓዝ» አሉ አባቴ።

«አንሡት! በፈጠራችሁ፣ አሁኑኑ አንሡት!»

«እንግዳ በር ላይ ደርሶ ጉዝጓዝ ይነሣል? ነውር አይደለም?»

ገና በነውሩ ሲከራከሩ የመጀመሪያው እንግዳ ደረሰ። ዳልቻ ነው። ቀንበሩን ገና ሳይጭኑበት አምልጦ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ በጉዝጓዙ መሐል እንደ ባላባት ገባ። ከኋላው የእትዬ ዘሐራ በሬ። ከዚያ የዋጃ መንገድ ከብት። ከዚያ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቃቸው ከብቶች። ጨው ጭነው ከአፋር በኩል የሚመጡ ግመሎች ሳይቀሩ ከነጭነታቸው ከመንገድ ወጡ። ትኩስ ሣር በራያ ሲታጨድ ወሬው ከስልክ ይፈጥናል።

«አያ በየነ፣ በሬዎን!» ጮኹ አቶ ግርማ።

«ዛሬ የዘሐራ ተራ ነው፤ እሷን ጥሯት!»

ዞር ስንል እትዬ ዘሐራ ሚዛን ላይ ወጥተው ቆመዋል።

«እትዬ፣ በሬው!»

«ቆይ፣ ልኬን ሳትነግረኝ አልወርድም!»

ያን ጊዜ ድምፁ ተሰማ። ከደቡብ፣ መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ከዚያ እንደ ወፍጮ። አቶ ግርማ ግራ ሲገባቸው የለመዱትን አደረጉ። አውሮፕላን ስትመጣ ለአብራሪው የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ጭስ ማጨስ ልማዳቸው ነው፤ ጭራሮ ለኮሱ። እሳቱ ግን ወደ ጉዝጓዙ ተሻገረ። እርጥብ ሣር አይነድም፤ ይጨሳል። የሜዳው ግማሽ በነጭ ጭስ ተሸፈነ። በጭሱ ውስጥ የግመል አንገት ብቅ ጥልቅ ይላል። ሴቶቹ እንግዳ መጣ ብለው እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ኩታቸውን እያውለበለቡ እጅ ነሡ።

እኔ ሮጥኩ። በሦስት ቀሚስና በካፖርት፣ ሰዋስው በወገቤ ታጥቄ ሮጥኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው፣ «ውጡ! ውጡልኝ! ዛሬ የኔ ነው! ዛሬ የኔ ቀን ነው!» እያልኩ ላም አባረርኩ። ላሞቹ ዞር ብለው አይተውኝ ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ዳልቻን በሁለት እጄ ቀንዱን ይዤ ገፋሁት። ዳልቻ ያመነዥካል። በሬ ሲያመነዥክ ፊቱ ላይ የሚታየውን ትዕግሥት እስከዚያ ቀን አደንቅ ነበር።

አውሮፕላኗ አንድ ጊዜ ዞረች። ሁለተኛ ዞረች። በሦስተኛው በጣም ዝቅ ስላለች ሁሉን ነገር አየሁ፤ በክንፏ ሥር የሚወርደውን የዘይት መስመር፣ ክብ ክብ መስኮቶቿን፣ ከአንዱ መስኮት ኋላ መነጽር ያደረገ ቀይ ፊት። አጎንብሶ ይጽፋል። ልማዴ ማጋነን አይደለም፤ ሲጽፍ ነበር። ስለ ሰው ጽሑፍ የማላውቀው ነገር የለም፤ እጁ ሲንቀሳቀስ እያጠፋ እንደነበር እንኳ አወቅሁ። ከስም ዝርዝር ላይ አንድ ስም የሚሰርዝ ሰው እጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው።

ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ሰሜን አዞረችና ሄደች።

እልልታው ቀስ እያለ ቆመ። የከብቱ ማኘክ ብቻ ይሰማል። ካፖርቴ ውስጥ ላቤ እስከ እግሬ ይወርዳል፤ ነገር ግን አላወለቅሁትም። ካወለቅሁት ጉዞው የሚቀር መሰለኝ።

አባቴ እያዘገሙ መጡ። ከትከሻዬ ላይ አንድ የሣር ዘለላ አነሡልኝ።

«ግድ የለም» አሉ። «ዛሬ የፈረንጆቹ ተራ ነው። በኛ ተራ ትመጣለች።»

አልመጣችም። መስቀልም አለፈ። ድልድዩ ተጠግኖ በኅዳር አዲስ አበባ ስደርስ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። «ለሚመጣው ዓመት» አሉኝ። ከራሴ ታናናሾች ጋር ስማር የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ ዓመት ብዙ አልደነቀኝም። በዓመቱ ከቆቦ እንደገና በጭነት መኪና፣ ማሽላ ላይ ተቀምጬ ሁለት ቀን ተጓዝኩ፤ ተማርኩ፤ መምህርት ሆኜ ወደ ቆቦ ተመለስኩ።

በዚያ መሐል ለአቶ ግርማ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። አየር መንገዱ ከዘመኑ ጋር ስለሚራመድ ጥቂት ሜዳዎች ከመንገዱ ወጥተዋል ይላል። አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ ሳላርመው መለስኩላቸው፤ አቅም አልነበረኝም። አቶ ግርማ ወደ ላምባቸው ተመለሱ። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ከረባታቸውን ያስራሉ፤ ማንም ምንም አይላቸውም። ሚዛኑ ለባለቤቱ ስለተመለሰ እትዬ ዘሐራ «እኔ እንግዲህ ስንት እንደሆንኩ ሳላውቅ ልሞት ነው» እያሉ ያዝናሉ።

ጄቱ መጣ። በጣም ከፍ ብሎ፣ ነጭ ክር እየፈተለ ያልፋል። ድምፁ ሲሰማኝ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ደርሰውበታል፤ የቃል ጽሕፈት ሲከብዳቸው ከኋላ አንዱ «መምህርት፣ አውሮፕላን!» ይላል። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሄጄ አያለሁ።

አባቴም በየዓመቱ ክልክላቸውን ማስከበር አልተዉም። ድምፁን ሲሰሙ ከደጃፍ ሆነው ይጠይቁኛል።

«የማን ተራ ነው ዛሬ?»

«የነሱ ነው፣ አባዬ።»

«ይሁን።»

እንዲህ እያልን ብዙ መስከረም አለፈ። አንድ ከሰዓት፣ አባቴ ከታመሙ በኋላ፣ ደጅ በፀሐይ አስቀምጫቸው ጄቱ አለፈ። ተራውን አልጠየቁኝም።

«አንቺ ልጅ» አሉ።

«አቤት።»

«ያን የጎጆውን ጽሑፍ ግርማ ሰሞኑን ሊጠይቀኝ መጥቶ አጫወተኝ። ሣር አይኑር ይላል አሉ። አንቺው ነሽ አሉ የጻፍሽው።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብኩላቸው።

«ጉዝጓዙ ነው እንግዲህ ያስቀረሽ።»

ዓይናቸው ደክሟል፤ ወደኔ ያያሉ እንጂ የሚያዩኝ አይመስለኝም። እጃቸው ግን ጋቢያቸው ላይ ሣር የሚበትን ይመስል ይንቀሳቀሳል።

«አይ፣ አባዬ» አልኩ። «ተራው የነሱ ነበር።»

«ግርማ ተራ የለውም ብሎ ነበር እኮ።»

«አቶ ግርማ ላምባ ሻጭ ናቸው። ስለ መቀናጆ ምን ያውቃሉ?»

ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም። ሳቃቸው ሲያልቅ፣ «እንዲያ ከሆነ የኛ ተራ ገና ነው» አሉ። «ሣሩን አታስነኪ።»

በሕይወቴ ስሕተት እያየሁ ወድጄ ሳላርም ያለፍኩት ይህን የተራ ነገር ነው፤ አሁንም ከሰል አላነሣበትም። ዳልቻም አባቴም ዛሬ የሉም። መስከረም በጠባ ቁጥር ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ያ ሁሉ ሣር ለማን እንደሚቆይ ይጠይቀኛል።

አላስነካሁም።